የቪትዟ ቴፕ እና የአባባ ግራ ጆሮ

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ሦስት ነን፡፡ አንድ ወንድም እና ሁለት እህቶቹ፡፡ የትኛውን አንቀጽ ማን እንደጻፈው አትጠይቁን፤ እኛም ገና አልተስማማንበትም፡፡ ሦስታችንም ያለ ክርክር የምናምነው ነገር ቢኖር በጋራ አንዲት ቪትዝ እንዳለችን ብቻ ነው፡፡ እሷም በ2011 ዓ.ም. በአንድ ዕቁብ፣ በሁለት የመሥሪያ ቤት ብድር እና በእናታችን ጸሎት የተገዛች ናት፡፡

ለምን እንደገዛናት ሳይሆን ለምን እንዳልቀየርናት ነው መናገር ያለብን፡፡ ከገዛናት በኋላ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ወጣና የአሮጌ መኪና ቀረጥ ሰማይ ነካ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ፡፡ ስለዚህ እንደኛ ያለው ሰው ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ያለችውን መውደድ፡፡ መውደድ ካቃተው ማሳመር፡፡

ቪትዛችን የ2003 ሞዴል ናት፡፡ ጃፓን ተወልዳ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮላት፣ በጅቡቲ በኩል ገባች፡፡ መሪዋን ያዞሩላት ሰዎች ቴፗን ግን አልነኩም፡፡ ቴፗ እስክንቀይራት ድረስ ጃፓናዊ ነበረች፡፡ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቪትዝ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፡፡ የሌላችሁ ደግሞ እንንገራችሁ፡፡

ጃፓን ውስጥ የኤፍኤም ሬዲዮ ከዓለም ለየት ባለ መስመር ላይ ነው የተቀመጠው፡፡ እኛ ሀገር እንደ አብዛኛው ዓለም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ድረስ ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ ለብዙ ዓመታት ከ76 እስከ 90 ነበር፡፡ በኋላ ነው እስከ 95 የሰፋው፡፡ ስለዚህ በዚያ ዘመን የተሠራ የጃፓን ቴፕ 90 ላይ ሲደርስ ወደ 76 ይመለሳል፡፡ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከአጥሩ ማዶ ናቸው፡፡ ቁልፉን ስታዞሩት የምትሰሙት «ሽሽሽሽ» የሚል የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው፡፡ እኛ ለስድስት ዓመት ያህል ያንን ዝናብ ስንሰማ ኖረናል፡፡

መፍትሔ የለውም ወይ? አለው፡፡ ከአንቴናው ገመድ ጋር የምትቀጠል የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ትሸጣለች፡፡ ሥራዋ ከሚመጣው ሞገድ ላይ መቀነስ ነው፡፡ 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነች 102.1 የነበረው 82.1 ላይ ይገኛል፤ 97.1 ደግሞ 77.1 ላይ፡፡ ዋጋዋ ትንሽ ነው፡፡ ሬዲዮ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ነገሩ እዚሁ ላይ ያልቃል፤ ይህን ጽሑፍም እዚሁ ላይ ማቆም ይችላል፡፡ እኛ ግን ገዝተን ሞክረናት ርካሿ ስለነበረች ይሁን ሌላ፣ ጣቢያውን ከነዝናቡ ነው ያመጣችልን፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፡፡

አባታችን ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፡፡ በፊያት ኤን ትሬ ጀምረው በተሳቢ የጨረሱ፡፡ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አሰብ፣ ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ፡፡ ኤን ትሬ የምትባለውን መኪና ያላያችሁ ካላችሁ፣ ሞተሯ ከፊት ሳይሆን እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ በሹፌሩና በረዳቱ መሐል ነው የሚቀመጠው፡፡ ማለትም ሹፌሩ ሞተሩን አጠገቡ አስቀምጦ ነው አዋሽን፣ ሚሌን፣ ሎግያን የሚያልፈው፡፡ የአፋር ሙቀት ደግሞ መስኮት አያስዘጋም፡፡ አባባ ሠላሳ ዓመት ያህል ግራ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ነድተዋል፡፡ ዛሬም ግራ ክንዳቸው ከቀኙ ይጠቁራል፡፡ ግራ ጆሯቸውም ከቀኙ ይደክማል፡፡

ቅዳሜ ቅዳሜ አባባን ይዘን ደብረ ዘይት አክስታችን ዘንድ እንሄዳለን፡፡ አባባ ጋቢና፣ ከመካከላችን አንዱ መሪ ላይ፣ ሁለታችን ከኋላ፡፡ ስልክ ላይ ያለ ሙዚቃ በአንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር እንከፍታለን፡፡ የመኪናዋ ሁካታ እንዳይበልጠን እስከ መጨረሻው እንለቀዋለን፡፡

አንድ ቅዳሜ ከኋላ ሆነን ስንሳሳቅ አባባ ዞር አሉና «ምን አላችሁ?» አሉ፡፡

«ምንም አይደለም አባባ»፡፡

ትንሽ ቆይተው ደግመው ዞሩ፡፡ «ስለ እኔ ነው?»

«ኧረ ምንም አይደለም!»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱና እስከ ደብረ ዘይት አልተናገሩም፡፡ ይሄ ሰው ረዳቶቹን ሲያስቅ ከአዋሽ አሰብ የሚደርስ ሰው ነበር፡፡ መሪ ላይ የነበረችው እህታችን ማታ ቤት ስንገባ «ስንት ዓመት ነው ለአባባ ምንም አይደለም ስንል የኖርነው?» አለችን፡፡ መልስ አልነበረንም፡፡ ለጆሮ ደካማ ሰው «ምንም አይደለም» ማለት «አንተ እዚህ የለህም» እንደማለት መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው፡፡

በማግስቱ ሳምንት እየተነጫነጩም ቢሆን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፡፡ ሐኪሟ በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ሣለችልን፤ አንዱ የቀኝ ጆሮ፣ አንዱ የግራ፡፡ መስመሩ በወፍራም ድምፅ በኩል ደህና ሲሄድ ይቆይና ቀጭን ድምፅ ላይ ሲደርስ፣ 4,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ገደል ይገባል፡፡ የግራው ገደል የባሰ ጥልቅ ነው፡፡ ለብዙ ዓመት ጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው የሚጎዳው አለችን፤ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ነው፡፡

ከዚያም አንድ የማንረሳውን ነገር ነገረችን፡፡ «አባታችሁ እንደምታወሩ ይሰማሉ፤ ምን እንደምታወሩ ነው የማይሰሙት»፡፡ ምክንያቱም የቃላት ጉልበት ያለው አናባቢው ላይ ነው፤ አ፣ ኦ፣ ኡ ወፍራም ናቸው፣ ይሰማሉ፡፡ ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቀጭንና ደካማ ናቸው፡፡ እነሱን አውጥታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ሞክሩ፤ አባባ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው፡፡

የጆሮ መሣሪያ ቢያደርጉ እንደሚሻል ነገረቻቸው፡፡ አባባ ኮፍያቸውን አነሱና «እኔ ደንቆሮ አይደለሁም» ብለው ወጡ፡፡ ነገሩ ለጊዜው በዚያው ተዘጋ፡፡

አሁን የመኪና ቴፕ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ትሉን ይሆናል፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ወንድማችን ለመኪናዋ ድምፅ ብሎ ያጠራቀመው 25,000 ብር ነበረው፡፡ ዕቅዱም የኋላ ኮፈን ውስጥ ባለ 12 ኢንች ሳብዎፈር በሣጥን መትከል ነበር፡፡ ስታልፍ የሠፈሩ መስኮት ሁሉ እንዲንቀጠቀጥ፡፡ እኛ ሁለታችን ደግሞ «ለአባባ አፍ ለሆነ ነገር እንጂ ለመስኮት ማንቀጥቀጫ አይሆንም» አልን፡፡ በድምፅ ብልጫ ሁለት ለአንድ አሸነፍን፡፡ (ወንድማችን ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲያርም አልፈቀድንለትም፡፡) ሳብዎፈር የሚጨምረው ወፍራሙን ድምፅ ነው፡፡ አባባ ወፍራም ድምፅ አላጡም፡፡ እንዲያውም ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ደካማውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍነዋል፡፡ ለእሳቸው የሚያስፈልገው ጥራት እንጂ ጉልበት አልነበረም፡፡

ሶማሌ ተራ ሄድን፡፡

ገበያ ላይ የመጀመሪያው ትምህርታችን ስለ ዋት ነበር፡፡ እያንዳንዱ ቴፕ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ተጽፏል፡፡ ስፒከሩ ላይ ደግሞ 300፣ 500፣ አንዱ ጋ 1,000 ዋት አይተናል፡፡ ከመካከላችን ፊዚክስ የተማረችው ስልኳን አውጥታ አሰላችው፡፡ መኪና ሞተሯ ሲሠራ ቢበዛ 14.4 ቮልት ገደማ ትሰጣለች፡፡ ስፒከሩ 4 ኦም ነው፡፡ 14.4 ሲባዛ በ14.4፣ ሲካፈል ለ4፣ 51.8 ይመጣል፡፡ አሃ! 50ው የመጣው ከዚህ ነው፡፡ ግን ይህ ቁጥር ድምፁ ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶ ሲጮህ የሚገኝ ነው፡፡ ንጹሕ ድምፅ የዚህ ግማሽ ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው፡፡ ስለዚህ ቴፑ 20 ዋት እየሰጠ የ1,000 ዋት ስፒከር መግዛት፣ በአንድ ጣሳ ውኃ የመዋኛ ገንዳ ለመሙላት እንደመሞከር ነው፡፡

ታዲያ ምን ይታያል? ስፒከሩ ካርቶን ላይ በትንሹ የሚጻፍ አንድ ቁጥር አለ፡፡ 88 ዲቢ፣ 90 ዲቢ፣ 92 ዲቢ የሚል፡፡ በትንሽ ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረው እሱ ነው፡፡ በሦስት ዲቢ የበለጠ ስፒከር ገዛችሁ ማለት የቴፑን ጉልበት በእጥፍ እንደማሳደግ ነው፡፡ አምፕሊፋየር ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ማየት ያለበት ይህንን ነው፡፡ ሻጩ ስንጠይቀው «እሱን እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለና ካርቶኑን ከእኛ ጋር አብሮ አነበበው፡፡

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቦታ ነበር፡፡ የቪትዛችን ስፒከሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የፊት በሮች ላይ፣ ከታች፡፡ ማለትም የሚዘፍኑት ለጉልበታችን ነው፡፡ ወፍራም ድምፅ እንደ ውኃ ነው፤ የትም ዞሮ ይደርሳል፡፡ ቀጭን ድምፅ ግን እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ካልተመለከተህ አይደርስህም፡፡ ስለዚህ ትልቁ ስፒከር በሩ ላይ ሆኖ፣ ትንሿ ትዊተር ለብቻዋ የምትመጣበትን ዓይነት መረጥን፡፡ ትዊተሯ ከስፖኪዮው ሥር ባለችው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ላይ ትቀመጣለች፡፡ እዚያ ስትሆን ከአባባ ቀኝ ጆሮ የምትርቀው አንድ ክንድ ያህል ነው፡፡ ደህናው ጆሯቸው ደግሞ ያ ነው፡፡ እግዜር ይስጠው፣ መሪያችን ግራ ላይ ነው፤ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ቀኝ ጆሮው ወደ በሩ ነው፡፡

ሒሳቡን እንካችሁ፣ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል፡፡ ያገለገለ ግን ደህና ቴፕ፣ ብሉቱዝና እስከ 108 የሚደርስ ሬዲዮ ያለው፣ 7,000 ብር፡፡ ጥንድ ባለ 6.5 ኢንች ስፒከር ከነትዊተሩ 9,500፡፡ ለበሩ የሚለጠፍ ድምፅ ማፈኛ 3,600፡፡ ከቶዮታ ሶኬት ጋር የሚገጥም ገመድ እና የፊት ክፈፍ 900፡፡ (የቶዮታ የክሩስኮት ቀዳዳ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መደበኛው ቴፕ ግን 18 ሴንቲ አይሞላም፤ ክፈፉ ካልተገዛ ግራና ቀኙ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል፡፡) ልዩ ልዩ 500፡፡ ቴፑን ለገጠመልን የሠፈራችን ኤሌትሪሺያን 1,500፡፡ ድምር 23,000፡፡ ሁለት ሺህ ብር ተረፈን፡፡ ይቺን ሁለት ሺህ ብር አስታውሷት፣ ትመለሳለች፡፡

ስለ ድምፅ ማፈኛው አንድ ነገር፡፡ ሻጩ ጣሪያ ላይ የሚለጠፈውን፣ ከላይ ብርማ ከሥር ካትራሜ የሆነውን በርካሽ ሊሸጥልን ነበር፡፡ ኤሌትሪሺያናችን ከለከለን፡፡ ካትራሜ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይንሸራተታል፡፡ ለመኪና የሚሆነው ቡቲል የሚባለው የጎማ ዓይነት ነው፡፡ የሚያስፈልገው ደግሞ በሩን ሙሉ መሸፈን አይደለም፤ በስፒከሩ ዙሪያና የውጪው ቆርቆሮ መሐል ላይ ቁራጭ ቁራጭ ይበቃል፡፡

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ውስጥ ጀመርን፡፡ አባባ ወንበራቸውን አውጥተው ጥላ ሥር ተቀመጡ፡፡ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን፡፡ (ማሳሰቢያ፦ ስክሪን ያለው የጃፓን ቴፕ ያላችሁ ሰዎች ባትሪ ከመፍታታችሁ በፊት አስቡበት፤ ብዙዎቹ ኃይል ሲቋረጥባቸው ይቆለፉና ኮድ ወይም የካርታ ካርድ አምጡ ይላሉ፡፡ ያ ካርድ ደግሞ ጃፓን ነው የቀረው፡፡) ከዚያ የበሩን ፓናል በካቻቢቴ ፈታን፡፡ ውስጡ ላይ አንድ ላስቲክ ተለጥፏል፡፡ ብዙ ሰው ይቀድደዋል፡፡ እንዳትቀድዱት! በመስኮቱ በኩል የሚገባውን ዝናብ ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው፡፡ ከበሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም አትድፈኑ፤ ውኃው የሚወጣው በእነሱ ነው፡፡

የድሮው ስፒከር ከወረቀት የተሠራ ነበር፤ ጫፉ ተቀድዷል፤ ማግኔቱ የብርጭቆ ቂጥ ቢያክል ነው፡፡ ከበሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ መሐሏ የተበሳ አንዲት የጃፓን ሳንቲም አገኘን፤ 5 የን፡፡ ለስንት ዓመት ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር «ቅጭል» የምትል ነገር ነበረች፡፡ ሦስት መካኒክ አሳይተን ሦስት የተለያየ ዕቃ አስቀይረውናል፡፡ እሷ ነበረች፡፡

ገጥመን ጨረስን፡፡ ከፈትን፡፡ ድምፁ ግን ቀጠነ፤ እንደ ስልክ ሆነ፡፡ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ከድሮው የባሰ! ወንድማችን «ሳብዎፈር ብያችሁ ነበር» አለ፤ እኛም ልንጣላ ነበር፡፡ ኤሌትሪሺያኑ ልጅ ሳቀና ተራ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ጠየቀን፡፡ የ1.5 ቮልቱን ባትሪ በስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች ላይ ለአንድ አፍታ ነካ ሲያደርገው የቀኙ ወደ ውጪ ተገፋ፡፡ የግራው ወደ ውስጥ ገባ፡፡ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አገላብጠን ነበር የቀጠልነው፡፡ እንዲህ ሲሆን አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ መሐል ላይ ይጠፋፋል፡፡ ሽቦውን አዞረው፤ ዘፈኑ ሥጋ ለበሰ፡፡

«ፋዘር፣ እንዴት ነው?» አላቸው ልጁ፡፡

አባባ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ፡፡ በሩን ዘጉት፡፡ በሩ «ዷ» ማለቱ ቀርቶ «ድብ» አለ፡፡ ከፍተው ደግመው ዘጉት፡፡ «በሩን ምን አደረጋችሁት? የጀርመን መኪና አስመሰላችሁት» አሉ፡፡ ከዚያ ስለ ድምፁ ምንም ሳይሉ ሬዲዮውን ማዞር ጀመሩ፡፡ 90፡፡ 94፡፡ 97፡፡ 98፡፡ 102.1 ላይ ቆሙ፡፡ አንድ ሰውዬ ስለ ልጅነቱ እያወራ ነበር፡፡

እኛ ከውጪ ሆነን ማስተካከል ጀመርን፡፡ የድምፁን ሚዛን ትንሽ ወደ ቀኝ አደረግን፡፡ ወፍራሙን ቀነስን፤ ቀጭኑን በሁለት ነጥብ ከፍ አደረግን፡፡ ጩኸቱን ግን አልጨመርንም፤ እንዲያውም ከለመድነው ዝቅ አደረግነው፡፡ ሐኪሟ ነግራናለች፡፡ 85 ዲቢ ድምፅ ውስጥ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ በየሦስት ዲቢው ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ አራት ሰዓት፣ 91 ከሆነ ሁለት፡፡ የሄደ ጆሮ ደግሞ በመጮህ አይመለስም፤ የቀረውን ነው የሚጨርሰው፡፡ ያቺ ትንሿ የብሉቱዝ ስፒከራችን እስከ መጨረሻ ተለቃ በጆሯችን ሥር ስንት ዓመት እንደጮኸች ስናስብ ዝም አልን፡፡

አባባ ለአርባ ደቂቃ ያህል ከመኪናዋ አልወረዱም፡፡ ቡና ተፈላ፡፡ ኑ ተባሉ፡፡ «ሰውዬው ይጨርስ» አሉ፡፡ እናታችን ሲኒውን ጋቢና ድረስ ወሰደችላቸው፡፡ ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ «ጭሱ ነው» አለች፡፡ ጭስ አልነበረም፡፡

ቀጣዩ ቅዳሜ ደረሰ፡፡ ወደ ደብረ ዘይት ስንወጣ እንደ ድሮው መጮህ አላስፈለገንም፡፡ በሮቹ ታፍነዋል፤ ሳንቲሟ ወጥታለች፤ ዘፈኑ በልኩ ነው፡፡ ከኋላ ሆነን ስንናገር አባባ ግማሹን ሰሙት፡፡ ግማሽ ብዙ ነው፡፡ ያልሰሙትን ደግሞ ደገምንላቸው፤ «ምንም አይደለም» የምትለውን ቃል ከመኪናዋ አስወጥተናታል፡፡

ዱከም አካባቢ ስንደርስ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ቴፑን ጥርቅም አደረጉት፡፡ ደነገጥን፡፡ አልወደዱትም ማለት ነው?

«ዝም በሉ» አሉ፡፡ ጆሯቸውን ሳይሆን መዳፋቸውን በሩ ላይ አደረጉ፡፡ «ይሰማችኋል?»

እኛ ምንም አልተሰማንም፡፡

«እስቲ ወደ ግራ ሳብ አድርጊያት፤ ቀስ ብለሽ»፡፡ እህታችን ሳብ አደረገች፡፡ «አሁን ወደ ቀኝ»፡፡ አደረገች፡፡ «አዎ፡፡ ወደ ግራ ስትዞሪ ይብሳል፤ ክብደቱ ቀኙ ላይ ሲያርፍ፡፡ የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሄዷል፡፡ አቁሚ»፡፡

ዳር ይዘን አቆምን፡፡ ከዱከም መካኒክ ጠርተን ክሪክ ገባ፤ ጎማው ከፍ አለ፡፡ መካኒኩ ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ጎማው እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል፡፡ እንደ ወፍጮ ነበር የሚፈጨው፡፡ «በዚህ ነው የምትሄዱት?» አለን፡፡

በዚህ ነበር የምንሄደው፡፡ ስንት ወር እንደሆነ አናውቅም፤ ምክንያቱም ጫጫታውን ለመሸፈን ሙዚቃውን እየጨመርን ነው የኖርነው፡፡ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ «ውውውው» የሚል ድምፅ ነው፡፡ ሦስት ጤነኛ ሰዎች ያልሰማነው፡፡ የሐኪሟ ወረቀት ላይ ያለው መስመር በወፍራም ድምፅ በኩል ደህና ነበር ብለናችሁ የለ? ሠላሳ ዓመት ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ጆሮ ሰ እና ሸ ሊያመልጡት ይችላሉ፤ ኩሽኔታ ግን አያመልጠውም፡፡

የተረፈችው ሁለት ሺህ ብር ለኩሽኔታው አልበቃችም፡፡ አባባ ከጡረታቸው ጨመሩበት፡፡ «ለቴፕ ሃያ ሦስት ሺህ፣ ለነፍሳችሁ ሁለት ሺህ» ብለው አንድ ጊዜ ተናገሩን፤ ትክክል ስለሆኑ አልመለስንላቸውም፡፡ ከዚያ አክስታችን ቤት እስክንደርስ ድረስ አሰብ መንገድ ላይ ኩሽኔታ ስለበላችባቸው ኤን ትሬ አወሩን፡፡ ረዳታቸው በእግሩ ውኃ ሊፈልግ እንደሄደ፣ ሁለት ሌሊት እንዴት እንዳደሩ፡፡ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምተነው አናውቅም፡፡ ነግረውን ይሆን? ምናልባት ሙዚቃው ጮክ ብሎ ነበር፡፡

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁና በትንሽ ገንዘብ የመኪናችሁን ድምፅ ማሻሻል የምትፈልጉ ሰዎች፣ ባጭሩ ምክራችን ይህ ነው፡፡ መጀመሪያ በሩን አፍኑ፤ ቀጥሎ ዲቢው ከፍ ያለ ስፒከር ግዙ፤ ትዊተሯን ወደ ጆሮ አምጧት፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በሰዓት ባትሪ ፈትሹ፤ ዋት በሚባለው ተረት አትታለሉ፡፡ አንድ ቀን አምፕሊፋየር ልግጠም ካላችሁ ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ሳይርቅ፣ ፊውዝ ይኑር፤ ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ሽቦ መኪና ያቃጥላል፡፡ ከሁሉም በፊት ግን ቴፑን አጥፍታችሁ አንድ አሥር ኪሎ ሜትር ንዱ፡፡ ጋቢና የምታስቀምጡት ሽማግሌ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፡፡

የጆሮ መሣሪያውን ነገር ለጠየቃችሁን፦ አባባ አሁንም «እኔ ደንቆሮ አይደለሁም» ይላሉ፡፡ ባለፈው ሳምንት ግን ራሳቸው ናቸው «ያቺ ልጅ ሐኪሟ፣ ቅዳሜ ትሠራለች ወይ?» ያሉት፡፡ ትሠራለች፡፡ ተራ ይዘናል፡፡ በዚህ ቅዳሜ ደብረ ዘይት አንሄድም፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡